ጥናት ወይስ ሐሜት?

«ሃይማኖት ደግሞ ይጠናል እንዴ? ይያዛል እንጂ!»

እንዲህ ያሉን እማማ ናቸው። እማማ የምንላቸው፣ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው ከአራታችን የሁለታችን የልጅነት ጎረቤት፣ ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ የተዳሩ ሴት ናቸው። ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ከትምህርት መልስ፣ ደብተራችንን እንደያዝን፣ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ሰፈር ጎራ ብንል የእድሩ ድንኳን ሥር አገኘናቸው። በዚህ ሰሞን ምን እንደምንማር ጠየቁን፤ «የሃይማኖትን ጥናት» አልናቸው። ያን ጊዜ ነው ከላይ ያለውን የተናገሩት። ከዚያም ንፍሮውን በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ አሰቡና፣ «እሺ ይሁን፤ ታዲያ ስለ እኔ ምን ይላል?» አሉን።

«ምንም አይልም እማማ» ብለን ሳቅን። ውሸታችንን ነበር። ደብተራችን ስለ እሳቸው ብዙ ይላል። አንዱ ሊቅ የእሳቸውን ጸሎት የጥንት ሰው የተሳሳተ ሳይንስ ቅሪት ያደርገዋል፤ ሌላው የአባት ናፍቆት ነው ይላል፤ ሌላው የድሀ ማደንዘዣ፤ ሌላው ደግሞ ኅብረተሰቡ ራሱን በመስታወት አይቶ የሰገደበት ነው ይላል። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ በድፍረት ስንከራከርበት ሰንብተናል። እዚያ ድንኳን ሥር፣ እሳቸው ፊት ግን አፋችን አልታዘዘንም።

ለምን አፈርን? ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ እፍረት ነው። ሰው በሌለበት ስለ ሰው ማውራት፣ ሲመጣ ዝም ማለት፣ በአገራችን የታወቀ ስም አለው፤ ሐሜት ይባላል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የጎረቤታችንን እምነት እሱ ራሱ በማይቀበለው ቃል መግለጽ ተገቢ ነው ወይ? የሃይማኖት ጥናትስ ከሐሜት የሚለየው በምኑ ነው?

በመጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። ሃይማኖት የሚለውን ቃል ከግዕዝ ወርሰነዋል፤ ሊቃውንቱም ከሶርያው ቃል ጋር ያዛምዱታል። ቤተሰቡ «አመነ» ከሚለው ግሥ ነው። ማመን ደግሞ በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው፤ እግዜርን ማመን አለ፣ ሰውን ማመን አለ። የአደራ ገንዘብ የበላን ሰው ሽማግሌዎች «ሃይማኖት የሌለው!» ብለው ሲሰድቡት ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ወይም መስጊድ መስገዱን መርምረው አይደለም፤ የማይታመን ነው ማለታቸው ነው። የዐረብኛውን «ዲን» ብንወስድ ዕዳ ማለት ከሆነው «ደይን» ጋር ሥር ይጋራል። የላቲኑን «ሬሊጂዮ» ደግሞ ሲሴሮ ደጋግሞ ማንበብ፣ ደጋግሞ ማጤን ከሚል ግሥ ሲያመጣው፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የጻፈው ክርስቲያኑ ላክታንትዮስ ማሰር ከሚል ግሥ አመጣው። መታመን፣ ዕዳ፣ ማሰሪያ፤ ሦስቱን ቃላት አንባቢ እንዲይዝልን አደራ እንላለን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ዛሬ ግን ሃይማኖት ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የመዝገብ ሣጥንን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ከመቶ 74.7 ኦርቶዶክስ፣ 16.2 ሙስሊም፣ 7.8 ፕሮቴስታንት ሆኖ ተመዘገበ። ለአንድ ሰው አንድ ሣጥን ነው። ካናዳዊው ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሃይማኖትን እንዲህ አጥር እንዳለው ዕቃ አድርጎ መቁጠር በአውሮፓ የተወለደ፣ ዕድሜውም ብዙ ያልራቀ አስተሳሰብ ነው ሲል ተከራከረ፤ በቃሉ ፋንታ የሰውን የውስጥ እምነትና ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚጠራቀመውን ወግ ለይተን እንያቸው አለ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እማማ በቆጠራው አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል፤ ለቅሶ ላይ ሲቀመጡ ግን ከሦስቱም ሣጥን ሰዎች መካከል ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ውሸታችን ሲከነክነን ጊዜ በየእሑዱ ወደ ቤታቸው እየሄድን፣ ቡና እየጠጣን፣ ሊቃውንቱን አንድ በአንድ ለእማማ ነገርናቸው። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ውጤት ነው።

ከታይለር ጀመርን። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን ባጭሩ በመንፈሳውያን ፍጡራን ማመን ነው ብሎ ወሰነው። የጥንት ሰው ሕልምንና ሞትን ሊፈታ ሲጨነቅ ነፍስ የሚለውን ሐሳብ አገኘ፤ ከነፍስ መናፍስት፣ ከመናፍስት አማልክት ተከተሉ ባይ ነው። ጄምስ ፍሬዘርም በ1890 እ.ኤ.አ. በጀመረው ትልቅ ሥራው የሰውን አእምሮ እንደ ደረጃ ከፋፈለው፤ መጀመሪያ አስማት፣ ቀጥሎ ሃይማኖት፣ በመጨረሻ ሳይንስ። ለሁለቱም ሃይማኖት ጭንቅላት ውስጥ ያለ ማብራሪያ ነው፤ ያውም የተሳሳተ ማብራሪያ።

እማማ ሰሙና፣ «እንዲህ ከሆነማ ሰይጣንም ሃይማኖተኛ ነዋ! እሱም እግዜር መኖሩን ያምናል። ግን ለቅሶ አይደርስም» አሉ።

ሳቅን፤ ግን ቁም ነገሩ ሳቅ አይደለም። ፍሬዘር የጻፈላቸውን ሕዝቦች ሄዶ አላያቸውም፤ ከመጻሕፍትና ከደብዳቤ ነው የሰበሰበው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ በ1965 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ንድፈ ሐሳቦች አንድ በአንድ ሲመረምር በአንድ ቀልድ ይወቅሳቸዋል፤ ፈረስ የጠፋበት ሰው መስኩ መካከል ቆሞ «እኔ ፈረስ ብሆን ወዴት እሄድ ነበር?» እያለ ሣር እንደሚያኝክ ማለት ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ራሱ በ1940 እና በ41 እ.ኤ.አ. በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር ከአኙዋክ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ጣልያንን የወጋ ሰው ነው። ከሰው ጋር ውሎ ያደረ ስለሆነ ቀልዱ ያምርበታል።

ቀጥሎ የወሰድንላቸው ኤሚል ዱርኬምን ነው። ፈረንሳዊው ዱርኬም በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሃይማኖትን በጭንቅላት ውስጥ መፈለግ ትቶ በሰዎች መካከል ፈለገው። ለእሱ ሃይማኖት ማለት ተለይተውና ተከልክለው ስለሚጠበቁ የተቀደሱ ነገሮች የሚያዝ እምነትና የሚፈጸም ሥርዓት ነው፤ ሥራውም ተከታዮቹን አንድ የግብረ ገብ ማኅበር አድርጎ ማሰር ነው። ሰው በጉባኤ ሲሰበሰብ ከራሱ በላይ የሆነ ኃይል ይሰማዋል፤ ያ ኃይል ራሱ ማኅበሩ ነው ይላል።

ለካዛንቺስ ልጅ ይህን መረዳት አይከብደውም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ ኢንቺስ የተባለው የጣልያን ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ከሚሠራው ቤት፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው። በባዕድ የቤት ድርጅት ስም የተጠራውን ሰፈር ሰፈር ያደረገው ግን እድሩ ነው። አንባቢ የማያውቀው ነገር ባይሆንም እንዘርዝረው። በየወሩ መዋጮ ይከፈላል፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ይነሣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው ከዕቃ ቤት ይወጣል። የእማማ እድር ሰብሳቢ ሐጂ የምንላቸው ሙስሊም አዛውንት ነበሩ፤ ገንዘብ ያዡ የወንጌል አማኝ፣ ጸሐፊው ደግሞ የሰንበቴ ማኅበርተኛ። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፤ እስላሙም የክርስቲያን አይበላም፤ የወንጌል አማኙ ተዝካር አይቀምስም። ንፍሮውን ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይዘግናል። ዱርኬም ይህን ቢያይ ደስታው ወሰን ባልነበረው! የተከለከለውም አለ፤ ክልከላውን ተሻግሮ የሚያስተሳስረውም አለ።

ይህን ሁሉ ለእማማ ስንነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙን። በመጨረሻ፣ «እኔ እግዜር የምለው እናንተን ነው ማለቱ ነው?» አሉ።

«እንደዚያ መሰለን እማማ።»

«ምስኪን! መልእክተኞቹን ቆጠረና ላኪውን ረሳው።»

ለዱርኬም ከዚህ የበለጠ ትችት በክፍላችን አልሰማንም። እሱ የሚለው እውነት ከሆነ እማማ በዕድሜያቸው ሙሉ ስለ ራሳቸው ተሳስተዋል ማለት ነው፤ የሚያደርጉትን ያውቃሉ፣ ለምን እንደሚያደርጉት ግን ከእሳቸው ይልቅ አንድም ቀን ያላያቸው የፓሪስ ሊቅ ያውቃል። ይህ ይሆናል ወይ? ሊሆንስ ይችላል፤ ሰው ስለ ራሱ ሁሉን አያውቅም። ግን ይህን የሚል ሰው ማስረጃው ከባድ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት እናንሣ። ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር በደረሰ ጊዜ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ ለወራት የዛር ቤት ደጅ ሲጠና ከረመ። ባለዛሯን መልካም አያሁን ቀረበ፤ ቡናቸውን ጠጣ፤ መሥዋዕታቸውን ተካፈለ። በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ዛር የያዘው ሰው የሚያሳየውን ነገር ከቴአትር ጋር አመሳሰለ፤ ሆኖም ሰውን ለማታለል የሚሠራ ቴአትር ሳይሆን ሰውዬው የሚኖረው ቴአትር ነው አለ። ማመንና ማስመሰል የምንላቸው ነገሮች ድንበራቸው እንዳሰብነው እንዳልሆነ ያሳየናል።

ይህንንም ለእማማ ነገርናቸው፤ ዛሩን ሲሰሙ ቢያማትቡም ስለ ቴአትሩ ግን አልተቆጡም። «ለቅሶስ ያው አይደል? መጀመሪያ ለወጉ ይለቀሳል፤ ቆይቶ የራስ ሙት ትዝ ይላል፤ ያኔ ከሆድ ይመጣል» አሉን። ሌሪስ የደረሰበትን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ልብ በሉ፤ ያላስቀየማቸው ከሊቃውንቱ ሁሉ አብሮ የተቀመጠው ነው።

ወደ ብቸኛው ሰውም እንመለስ። አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ ኤድንበርግ ላይ ያሰማውን ትምህርት በ1902 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ ተቋሙንና ሥርዓቱን ወደ ጎን አድርጎ ሰው ለብቻው ሆኖ በአምላክ ፊት የሚሰማውን ስሜት መረመረ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ኦቶም በ1917 እ.ኤ.አ. የቅዱሱን ነገር ጠባይ ሲገልጽ፣ ሰውን የሚያንቀጠቅጥም የሚስብም ምሥጢር አድርጎ አየው። እማማ በየወሩ በዐሥራ አምስት በማለዳ ተነሥተው፣ እስጢፋኖስን ተሳልመው፣ ቂርቆስ ይወርዱ ነበር። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ጋን ውስጥ ሲጣል መልአኩ እንዳበረደው፣ ሐምሌ 19 ሲከበር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እማማ አጥሩን ተደግፈው ሲቆሙ ምን እንደሚሉ ጠይቀናቸው ነበር። «እሱንስ አልነግራችሁም» አሉን። ዱርኬም የማይደርስበት፣ ጄምስም ከደጁ የሚመለስበት ክፍል አለ ማለት ነው። ጥናት ያልተነገረውን ነገር አለመነገሩን መመዝገብ አለበት እንጂ በግምት መሙላት የለበትም።

እስካሁን የጠቀስናቸው ሊቃውንት ከፋም ለማ ወረቀት ላይ የቀሩ ናቸው። አንዳንድ ንድፈ ሐሳብ ግን ወረቀት ላይ አይቀርም። ካርል ማርክስ በ1844 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን ከማደንዘዣ ጋር ሲያመሳስል፣ እዚያው ጎን ለጎን የተጨቆነ ፍጡር የሚተነፍሰው ትንፋሽ መሆኑንም ጽፎ ነበር። በእኛ አገር ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ተሸመደደ። ትንፋሹ ተረሳ፤ ማደንዘዣው ተያዘ። በ1971 ዓ.ም. በአንድ ክረምት ከሥልጣናቸው ወርደው የታሰሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። ገዳዩ ማርክስ አይደለም፤ ስለ ሥልጣንም ሆነ ስለ ፖለቲካ ብዙ ምክንያት ይቆጠራል። ነገር ግን የአማኙን ነገር ከአማኙ በላይ አውቃለሁ የሚል ትምህርት ጠመንጃ ሲታጠቅ አማኙን የሚጠይቅበት ምክንያት እንደማይታየው ዓይተናል። ሐሜት ሥልጣን ሲይዝ እንዲህ ይሆናል።

ስለዚህ ነው ቀደም ብለን የጠቀስነው ካንትዌል ስሚዝ በ1959 እ.ኤ.አ. አንድ ጠንካራ መመዘኛ ያቀረበው፤ ስለ አንድ ሃይማኖት የሚነገር ነገር የሃይማኖቱ ሰዎች ካልተቀበሉት ትክክል አይደለም ባይ ነው። ሰው በስሙ ሲጠራ እንኳ ይህ ሚዛን ያስፈልጋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና የደገፏቸው ክርስቲያኖች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅር፣ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንባል የሚል ነበር። ሐጂ በወጣትነታቸው ሰልፉ ላይ ነበሩ። «በቤቴ እንግዳ ሲሉኝ ኖሩ» እያሉ ያጫውቱን ነበር።

ይሁንና የስሚዝን መመዘኛ እንዳለ ብንቀበለው ሌላ ጣጣ ይመጣል። አማኙ የማይወደውን ሁሉ ከተውን ጥናቱ ውዳሴ ይሆናል። ምሳሌውን ከዚያው ከእድሩ እናምጣ። ካዛንቺስ ከመፍረሱ ከዓመታት በፊት እምነቱን ቀይሮ የወንጌል አማኝ የሆነ አንድ የሰፈራችን ወጣት ሞተ። ቤተሰቡ የጥንቱን እምነት የያዘ ነው። የት ይቀበር? ማን ይጸልይ? በሚለው ሬሳው ፊት ጠብ ተነሣ፤ ከእድርተኛው አንዳንዱ ድንኳኑ አይሰጥ እስከ ማለት ደረሰ። ሐጂ ተቆጥተው ድንኳኑን አስተከሉ። እማማ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ዱርኬም እንዲያ የሚያመሰግነው ማኅበር ያን ቀን ከአባሉ አንዱን ከደጅ ሊያስቀረው ነበር። ማሰሪያ ያስተሳስራል፤ ያንቃልም። ይህን ያልጻፈ ተማሪ እድርን አጥንቻለሁ ሊል አይችልም፤ ማንም ቢቀየም።

እንግዲህ ወዴት እንሂድ? አማኙ ካልፈቀደ አንናገር ብንል እውነቱን እንደብቃለን። አማኙ ምን አገባው ብንል ሐሜተኞች እንሆናለን። በበኩላችን የደረስንበት ይህ ነው። መመዘኛው የአማኙ ፈቃድ ሳይሆን የአማኙ ፊት ይሁን። እማማ የማይስማሙበትን ነገር ልንጽፍ እንችላለን፤ እሳቸው እየሰሙ ልንለው የማንደፍረውን ግን አንጻፍ። ሊመልሱልን፣ ሊቆጡን፣ ሊያርሙን በሚችሉበት ቦታ ቆመን እንናገር። ሐሜትን ሐሜት የሚያደርገው ውሸትነቱ አይደለም፤ እውነት የሆነ ሐሜት ሞልቷል። የታማው ሰው መልስ የሚሰጥበት ወንበር ስለሌለው ነው።

አንባቢ «ፊት ለፊት መናገር የሚያስገድልስ ከሆነ?» ብሎ እንደሚጠይቀን እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን እናስታውስ። ደራሲው ማን ነው የሚለው፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጣልያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ካለ ወዲህ፣ ክላውድ ሰምነርም የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ከተከራከሩ በኋላ፣ እስከ ዛሬ አላለቀም። የማንም ይሁን የማን፣ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ሰው የሃይማኖት ወገኖች ሁሉ እውነቱ የእኔ ነው ሲሉ ዳኛው ማን ይሁን ብሎ ይጠይቃል፤ ያገኘውን መልስ ግን ለጎረቤቶቹ አይነግርም፤ በውስጡ ሌላ እያሰበ ሰዎቹ እንደ እነሱ ክርስቲያን አድርገው እንዲያዩት ይተዋል። ይህ ሐሜት ነው እንበል? አንልም። ዱላው በማን እጅ ነው የሚለውን ማየት ይገባል። ደካማው ስለ ብርቱው በሹክሹክታ ሲናገር ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ብርቱው ስለ ደካማው በሌለበት ሲናገር ግን የሚጠብቀው ነገር የለውም። እኛ ተማሪዎች በእማማ ፊት የትኛው ነን? ደብተሩ፣ መጽሐፉ፣ ማተሚያው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ የመሸሸጊያ ምክንያት የለንም።

ይህን ስንጨቃጨቅ 2017 ዓ.ም. ገባ። በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰና ቤቶቹ ፈረሱ። ነዋሪው ተበተነ፤ ከፊሉ አቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ጉራ፣ ከፊሉም ወደ ሌላ ሌላ ዳርቻ ሄደ። እማማ ገላን ጉራ ደረሳቸው፤ ሐጂ በሌላኛው የከተማ ጫፍ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኛ የምንጠይቀው ከርእሳችን ሳንወጣ ነው። ቆጠራ ተደርጎ ቢሆን ከመፍረሱ በፊትም በኋላም የእማማ ሃይማኖት ያው አንድ ሣጥን ነው። ታይለርም ቢመጣ የጎደለ ነገር አያይም፤ የሚያምኑት ነገር አልተለወጠም።

የሩማንያው ተወላጅ ሚርቻ ኤልያዴ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ያወራል። የተቀደሰ ምሰሶ አላቸው፤ በሄዱበት ይዘውት ይሄዳሉ፤ ምሰሶው ያለበት ቦታ ዓለማቸው ነው፤ ቢሰበር ግን የሚሄዱበት ይጠፋቸዋል። ጆናታን ስሚዝ በ1987 እ.ኤ.አ. ኤልያዴ ታሪኩን ያለ ልኩ ለጥጦታል ብሎ ተከራክሯል። ያም ሆነ ይህ ለእማማ አወራናቸው፤ ምክንያቱም የእድሩ ድንኳን ምሰሶዎች አንድ አባል ግቢ ውስጥ ተጋድመው እንደነበር እናውቃለን።

«ምሰሶውማ አለ» አሉን። «ጡሩምባው ነው የማይሰማ።»

እውነት ነው፤ ጡሩምባ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ አይደርስም። ስልክ ይደርሳል፤ ስልክ ግን በሌሊት ሰፈሩን ሁሉ አንድ ላይ አይቀሰቅስም።

ከዚያ ሐጂ ሞቱ። የሙስሊም ሬሳ አያድርም። መርዶው ለእማማ የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ታክሲ እየቀያየሩ ከተማውን ቢያቋርጡም ሲደርሱ ቀብሩ አልፎ ነበር። ተዕዚያው ላይ አገኘናቸው፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው። አላለቀሱም። አጠገባቸው ስንቀመጥ ቀስ ብለው፣ «ሐጂን ሳልሸኝ ቀረሁ። ሃይማኖቴ ጎደለ» አሉን።

ክርስቲያኗ ሴት፣ ሙስሊሙን ጎረቤታቸውን ባለመቅበራቸው፣ ሃይማኖቴ ጎደለ አሉ! አሁን ሦስቱን ቃላት እናምጣቸው፤ መታመን፣ ዕዳ፣ ማሰሪያ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም አሉት። ዱርኬም ይህን ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ይለን ነበር። ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። ወደ ላይ ቀና ብለው፣ «እሱ ይቅር ይበለኝ» አሉ። ዱርኬም ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ታይለር ደግሞ የመጀመሪያዋን። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው ፊት የሊቃውንቱ ክርክር ግማሽ ግማሹን ይዞ የሚሟገት ይመስላል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ከማስረከባችን በፊት ገላን ጉራ ሄደን ለእማማ አነበብንላቸው። ጉዳዩ የክብር እንጂ የጨዋነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጻፍነውን ሚዛን በራሳችን ላይ መሞከራችን ነው። ሁለት ቦታ አስቆሙን።

የመጀመሪያው «ሃይማኖተኛ ሴት ናቸው» ያልንበት ነበር። «እሱን የሚያውቀው እሱ ነው። ቂርቆስ ትሄድ ነበር በሉ፤ መሄዴን ዓይታችኋል» አሉ። አረምነው፤ ከላይ እንዳነበባችሁት።

ሁለተኛው የወጣቱ ቀብር ነው። «እሱን ተዉት» አሉን። እንደማንተወው ነገርናቸው፤ ምክንያቱንም እንደገና አነበብንላቸው፤ ዝም ያሉበትንም ጭምር። ድምፃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። እማማ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ረከቦቱን ወደ እኛ ገፉና፣ «ፊቴ ላይ ካላችሁትስ ይሁን» አሉ። «ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሐጂ ናቸው የተናገሩት።»

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሚቀጥለው እትም መልሳችሁን እንጠብቃለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ስለ ጎረቤታችሁ የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።